ደም ግፊት ባለባት ነፍሰ ጡር የደም ፕሮቲንን መለካትና ማንበብ

የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፤ ግፊቷ 150/100። ከላብራቶሪ የተመለሰው ወረቀት አልቡሚኗ (በደም ውሃ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲን) 2.6 ግራም በዴሲሊትር መሆኑን ያሳያል፣ ከቁጥሩም ጎን ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ታትሟል። ቀስቱን ያወጣው ማሽን ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር መሆኗን አያውቅም። በዚያ ቀስት ብቻ ተነስቶ አንዱ «ምግብ አንሷታል» ይላል፣ ሌላው ግሉኮስ ይሰቅልላታል፣ ሌላው ደግሞ «እርግዝና ያመጣው ነው» ብሎ ወረቀቱን ካርዷ ውስጥ ከትቶ ያልፋል። ሦስቱም ሊጎዷት ይችላሉ።

ይህ መመሪያ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ፣ ከአዘዞ እስከ ቆላድባ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ አይከል፣ ለሚሠሩ አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የደም ፕሮቲን ቁጥር ብቻውን ፕሪኤክላምፕሲያን (ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊትን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን፣ ጉበትንና ሌሎች አካላትን የሚጎዳውን የእርግዝና ሕመም) አያረጋግጥም፣ አያስቀርምም። ከሳምንቷ፣ ከሽንቷ፣ ከግፊቷና ከራሷ የቀድሞ ቁጥር ጋር ሲነበብ ግን የደም ሥሮቿ ምን ያህል እንደሚያፈሱና ሰውነቷ ምን ያህል ፈሳሽ ሊሸከም እንደሚችል ይናገራል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይቅደም። ግፊቷ 160/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተደግሞም ካልወረደ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከደረት በታች በስተቀኝ የሚሰማ ሕመም ወይም መንቀጥቀጥ ካለባት የፕሮቲን ውጤት አይጠበቅም። የግፊት መድኃኒቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀመር። የማግኒዢየም ሰልፌት የመነሻ መጠን፣ ማለትም 4 ግራም በ20% በደም ሥር ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ቀስ እያለ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም በ50% በጡንቻ፣ አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት ይሰጥ። ደሙን ቀድቶ መላክ ይቻላል፤ ሴትዮዋን ለደሙ ውጤት ብሎ ማቆየት ግን አይገባም።

ጤናማ እርግዝና ራሱ ፕሮቲኑን ያወርዳል

በእርግዝና የደሙ ውሃማ ክፍል ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ጭማሪው በ32ኛውና በ34ኛው ሳምንት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል። አልቡሚኑ በዚያው ልክ ስለማይጨምር ቁጥሩ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ3.5 እስከ 5.0 ይጠበቅ የነበረው አልቡሚን በመጀመሪያው ሦስት ወር ከ3.1 እስከ 5.1፣ በሁለተኛው ከ2.6 እስከ 4.5፣ በሦስተኛው ከ2.3 እስከ 4.2 ግራም በዴሲሊትር ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ፕሮቲን በሦስተኛው ሦስት ወር ከ5.6 እስከ 6.7 አካባቢ ነው። እነዚህን ቁጥሮች በላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው፤ ከተቻለም የውጤት ወረቀቱ ላይ የእርግዝና ሳምንት የሚጻፍበት ቦታ ይኑር።

ሁሉም ፕሮቲን ግን አይወርድም። ደም የሚያረጋው ፋይብሪኖጅን ይጨምራል፣ ከግሎቡሊኖች (ከአልቡሚን ውጭ ካሉት የደም ፕሮቲኖች) መካከል አልፋና ቤታ የሚባሉትም ከፍ ይላሉ። ስለዚህ በጤናማ እርግዝና መጨረሻ የአልቡሚንና የግሎቡሊን ጥምርታ ዝቅ ማለቱ አያስደነግጥም።

ፕሪኤክላምፕሲያ ሲመጣ በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይታከላል። መነሻው የእንግዴ ልጁ ነው። በእርግዝናው መጀመሪያ የማህፀን ደም ሥሮች በበቂ ሳይሰፉ ሲቀሩ የእንግዴ ልጁ ኤስኤፍልት-1 የሚባል ፕሮቲን በብዛት ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል። ይህ ፕሮቲን የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን የሚንከባከቡትን ቪኢጂኤፍና ፒኤልጂኤፍ የተባሉ ፕሮቲኖች ይዞ ያስቀራቸዋል። የኩላሊቱ ማጣሪያ ያብጣል፣ አልቡሚንም ወደ ሽንት ያመልጣል። ጥቃቅን ደም ሥሮች ሁሉ ስለሚያፈሱ አልቡሚኑ ወደ እግር፣ ወደ ፊትና ወደ ሆድ ዕቃም ይወጣል። ጉበቷ ከተነካ ደግሞ የሚመረተውም ይቀንሳል። በቀላል ሕመም ጊዜ ቁጥሩ ምንም ላይነካ ይችላል፤ ይህን አትርሱ።

ደሙ ሲቀዳ

የጎንደር መንገድ ዳገት ነው። ዳገቱን ወጥታ በቀጥታ የተለካች ሴት ግፊቷም ፕሮቲኗም ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል። ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር፣ ክንዷን በልቧ ትክክል አሳርፋ ትቀመጥ። መጀመሪያ ግፊቷን ለኩ፣ ከዚያ ደሙን ቅዱ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘና የአደጋ ምልክት ከሌለ ከ4 ሰዓት በኋላ ድገሙት።

አቀማመጥ ለፕሮቲን ከሚታሰበው በላይ ለውጥ ያመጣል። ሰው ሲቆም ውሃው ከደም ሥር ወደ እግር ስለሚወርድ ፕሮቲኑ ከተኛበት ጊዜ ይልቅ እስከ 10 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ሰኞ ተኝታ፣ ሐሙስ ቆማ ወረፋ ከጠበቀች በኋላ የተቀዳ ደም እርስ በርሱ አይነጻጸርም። ተኝታ ለምትታከም ሴት ሁልጊዜ ተኝታ፣ ለክትትል ለምትመጣ ሁልጊዜ ተቀምጣ ቅዱና ወረቀቱ ላይ «ተኝታ» ወይም «ተቀምጣ» ብላችሁ ጻፉ።

ቶርኒኬቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ። ደም ሥር ፍለጋ ከረዘመ ፈትታችሁ ሁለት ደቂቃ አሳርፉና እንደገና እሰሩ፤ ለረጅም ጊዜ የታሰረ ክንድ ፕሮቲኑን ያከማቻል። እጇን እያጨበጠች እንድትከፍት አታድርጉ። ግሉኮስ ወይም ማግኒዢየም ከገባበት ክንድ ፈጽሞ አትቅዱ። ያንን ደም ፈሳሹ አቅጥኖት አልቡሚኑ 1.8 ቢባል ሐሰቱ ቁጥር ሐኪሙን ወደ ተሳሳተ ውሳኔ ይወስደዋል።

ከ3 እስከ 5 ሚሊሊትር ደም በቀይ ክዳን ወይም ጄል ባለው ቢጫ ክዳን ቲዩብ ቅዱ። የሐምራዊ ክዳን ቲዩብ ለፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ ለሚረዱት ሕዋሳት) ቆጠራ ነው፣ ከእሱ ለፕሮቲን አትውሰዱ፤ በፕላዝማ (ካልረጋ ደም በሚለየው ውሃ) የተሠራ ጠቅላላ ፕሮቲን በውስጡ ባለው ፋይብሪኖጅን ምክንያት ከሴረም (ከረጋ ደም ከሚለየው ውሃ) ከፍ ይላል። ደሙን በሲሪንጅ ከቀዳችሁ መርፌውን አውጥታችሁ በቲዩቡ ግድግዳ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። በመርፌው በኩል በኃይል መግፋት ቀይ ሕዋሳቱን ይሰብራል።

ቲዩቡ ቀጥ ብሎ ለ30 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ደሙ ሙሉ በሙሉ ይርጋ። ከዚያ ከ1,000 እስከ 1,300 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ) ባለው ኃይል ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ ይደረግ። በደቂቃ የሚዞርበት ቁጥር ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ ክንዱ አጭር የሆነ ትንሽ ሴንትሪፊዩጅ 3,000 ዙር ላይ የሚሰጠው ኃይል ከትልቁ ያነሰ ነው። ሳይረጋ የተሽከረከረ ደም በሴረሙ ውስጥ የፋይብሪን ክር ይተዋል፣ ክሩም የፒፔቱን ጫፍ ደፍኖ የናሙናውን መጠን ያሳንሳል።

መብራት ከጠፋስ? የረጋውን ደም አትነቅንቁት፣ ፍሪጅም ውስጥ አታስገቡት። ቀጥ ብሎ ሲቆም ሴረሙ በራሱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ በንጹሕ ፒፔት የላይኛውን ብቻ ውሰዱና ወደ ሌላ ቲዩብ አዙሩት። ከተቀዳ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ መለየቱ ይመረጣል። ናሙናው ከቆላድባ ወይም ከዳባት ወደ ጎንደር የሚላክ ከሆነ ከመላኩ በፊት ሴረሙ ይለይ። የተለየ ሴረም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው የክትባት ሣጥን ውስጥ ለሦስት ቀን ያለ ችግር ይቆያል፤ ያልተለየ ደም ግን በመኪና መንገጫገጭ ብቻ ይበላሻል።

ሴረሙ ቀይ ሲሆን

ይህን ነጥብ ለብቻው ያነሳነው ብዙ ጊዜ ስለሚታለፍ ነው። ሴረሙ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ የተለመደው ነገር «ናሙናው ተበላሽቷል» ብሎ መጣል ነው። ትክክል ነው፣ የፈሰሰው ሄሞግሎቢን ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ጠቅላላውን ከፍ ያደርገዋል። በደም ግፊት በምትታመም ነፍሰ ጡር ላይ ግን ሌላ ዕድል አለ። ሄልፕ በሚባለው ከባድ የፕሪኤክላምፕሲያ ዓይነት ቀይ ሕዋሳቱ በሰውነቷ ውስጥ ይሰበራሉ፣ የጉበት ኢንዛይሞች ይጨምራሉ፣ ፕሌትሌት ይወርዳል።

ስለዚህ አንድ ጊዜ እንደገና ይቀዳ፣ በሰፊ መርፌ፣ ከሌላ ክንድ፣ ቶርኒኬት ሳይቆይ። ሁለተኛውም ንጹሕ አቀዳድ ተቀድቶ ቀይ ከሆነ በወረቀት አትጠብቁ፤ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ በእግር ሂዱ ወይም ደውሉ። ፕሌትሌት ከ100,000 በታች፣ የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤስቲ ወይም ኤኤልቲ ከመደበኛው ጣሪያ ከእጥፍ በላይ፣ ሕዋስ ሲሰበር የሚጨምረው ኤልዲኤች ከ600 በላይ መሆኑ በዚያው ሰዓት መታየት አለበት። ቀዩን ሴረም በዝምታ የጣለ ላብራቶሪ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ጥሎታል።

በላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ

ጠቅላላ ፕሮቲን የሚለካው በባዩሬት ነው፦ የመዳብ አዮን በአልካሊ ውስጥ ከፕሮቲኑ ሰንሰለት ጋር ተያይዞ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል፣ ቀለሙም በ540 ወይም 546 ናኖሜትር ይነበባል። አልቡሚን የሚለካው በአብዛኛው በብሮሞክሬዞል ግሪን ሲሆን ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይዞራል፣ 630 ናኖሜትር አካባቢ ይነበባል። በእጅ ለሚሠራ፣ በብዙ ኪቶች ለጠቅላላ ፕሮቲን 20 ማይክሮሊትር ሴረም በ1,000 ማይክሮሊትር ሪኤጀንት (ቀለም የሚያወጣው የኪቱ ፈሳሽ)፣ ለአልቡሚን 10 ማይክሮሊትር በ1,000 ነው። የያዛችሁት ኪት ሌላ መጠን ከጻፈ የኪቱን ተከተሉ፣ የሁለት ኪቶችን መመሪያም አታቀላቅሉ።

የማሽኑ መብራት ለ15 ደቂቃ ይሙቅ። ሦስት ኪዩቬት አሰልፉ፦ ብላንክ (ሪኤጀንት ብቻ)፣ ስታንዳርድ (የፕሮቲኑ መጠን የታወቀ)፣ ናሙና። የፒፔቱን ጫፍ ውጭ በሶፍት ጥረጉት፤ በ10 ማይክሮሊትር ላይ ከውጭ የተንጠለጠለ አንዲት ጠብታ ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ታዛባለች። ሰዓት ያዙ። ብሮሞክሬዞል ግሪን መጀመሪያ አልቡሚንን ይይዛል፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ግሎቡሊኖችንም መያዝ ይጀምራል። በፕሪኤክላምፕሲያ አልቡሚን ዝቅ፣ አልፋ ግሎቡሊኖች ከፍ ስለሚሉ ስህተቱ በትክክል በእነዚህ ሴቶች ላይ ይከፋል፤ ቁጥሩ ከእውነተኛው እስከ ግማሽ ግራም ድረስ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ኪቱ 5 ደቂቃ ካለ በ5ኛው ደቂቃ ይነበብ፤ ሻይ ተጠጥቶ በ20ኛው አይነበብ። ብሮሞክሬዞል ፐርፕል በሚጠቀም ላብራቶሪ የወጣ ቁጥር ከግሪኑ ዝቅ ስለሚል የሁለት ላብራቶሪ ውጤቶችን አወዳድሮ «ወረደ» ማለት አይቻልም።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የናሙናው ንባብ ለስታንዳርዱ ንባብ ተካፍሎ በስታንዳርዱ መጠን ይባዛል። የአልቡሚን ስታንዳርድ 4.0 ሆኖ 0.520 ካነበበ፣ ናሙናው 0.325 ካነበበ፣ 0.325 ÷ 0.520 × 4.0 = 2.5። የጠቅላላ ፕሮቲን ስታንዳርድ 8.0 ሆኖ 0.480፣ ናሙናው 0.330 ከሆነ፣ 5.5። ልዩነታቸው ግሎቡሊን ነው፦ 3.0። አልቡሚኑ ከጠቅላላው በልጦ ከወጣ አንዱ ቲዩብ ተቀያይሯል፣ ሪኤጀንቱ ተበላሽቷል ወይም ሌላ የሥራ ስህተት አለ።

የነፍሰ ጡር ደም ቅባት ይበዛበታል። ሴረሙ ወተት ከመሰለ የባዩሬቱ ንባብ ያለ ፕሮቲን ይጨምራል። 20 ማይክሮሊትር ሴረም በ1,000 ማይክሮሊትር ሳላይን አድርጋችሁ በዚያው ናኖሜትር አንብቡና ከናሙናው ንባብ ቀንሱ። መደበኛና ያልተለመደ የጥራት መቆጣጠሪያ ሴረም በየጠዋቱ ይሠራ፤ መብራት ተቋርጦ ሲመለስም ይደገም። ለዚህ ምርመራ ከፍተኛው ሳይሆን ዝቅተኛው መቆጣጠሪያ ነው የሚበልጠው፣ የምናነባቸው ሴቶች ቁጥር ያለው እዚያ አካባቢ ነውና።

ሽንቱ ጎን ለጎን ይሠራ

የደሙን ቁጥር ያለ ሽንት ማንበብ ግማሽ ሥራ ነው። የመሃሉ ሽንት ይወሰድ፤ ፈሳሽ ወይም ደም ካለባት ታጥባ ትስጥ፣ የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በካቴተር ይወሰድ፣ አለበለዚያ ስትሪፑ (ቀለም የሚቀይረው የሽንት መመርመሪያ) የሌላውን ፕሮቲን ይቆጥራል። ስትሪፑን ሙሉ በሙሉ ነክራችሁ ወዲያው አውጡ፣ ጠርዙን በዕቃው አፍ ላይ ጠረግ አድርጉ፣ አግድም ያዙት፣ በ60ኛው ሴኮንድ በቀን ብርሃን አንብቡ። አንድ ፕላስ 30፣ ሁለት ፕላስ 100፣ ሦስት ፕላስ 300 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያህል ነው። ክረምት ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ጠርሙስ እርጥበት ይስባል፤ የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት፣ ማድረቂያ ከረጢቱን አትጣሉ፣ ፀሐይ በሚመታ መስኮት አጠገብም አታስቀምጡ።

ስትሪፕ የሚለካው ጥግግቱን እንጂ የወጣውን ጠቅላላ መጠን አይደለም። በቀን 300 ሚሊግራም ፕሮቲን የምታጣ ሴት 1 ሊትር ብቻ ከሸናች አንድ ፕላስ ይወጣላታል፣ 3 ሊትር ከሸናች ያው 300 ሚሊግራም «የለም» ተብሎ ያልፋል። ለዚህ ነው የፕሮቲንና የክሪያቲኒን (ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው ቆሻሻ) ጥምርታ የሚሻለው፦ ሁለቱም በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆኑ ፕሮቲን 45፣ ክሪያቲኒን 90 ከሆነ 0.5 ነው፤ ከ0.3 ጀምሮ ፕሮቲን አለ ይባላል። የ24 ሰዓት ሽንት ከተሰበሰበ መቁረጫው 300 ሚሊግራም ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ደፍታ ከዚያ ጀምሮ የማግስቱን የ12 ሰዓት ሽንት ጨምሮ ሁሉንም ታጠራቅም። የመጀመሪያውን ደፍታ የማግስቱን መርሳት፣ ወይም ሁለቱንም መጨመር፣ ሁልጊዜ የሚገጥም ስህተት ነው።

ስትሪፕ ካለቀ የድሮው መንገድ ይሠራል። የቲዩቡን ሁለት ሦስተኛ በሽንት ሙሉ፣ የላይኛውን ክፍል ብቻ አፍሉ። ከደፈረሰ ከ2 እስከ 3 ጠብታ አሴቲክ አሲድ ጨምሩ፤ ከጠራ ፎስፌት ነበር፣ ደፍርሶ ከቀረ ፕሮቲን ነው።

ሽንት ውስጥ ፕሮቲን አለመኖሩ ብቻውን ፕሪኤክላምፕሲያን አያስቀርም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ግፊቱ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከፍ ብሎ ፕሌትሌት ከወረደ፣ ክሪያቲኒን ከ1.1 ካለፈ፣ የጉበት ኢንዛይም ከጨመረ፣ ሳንባ ውኃ ከያዘ ወይም የራስና የዓይን ምልክት ከመጣ ሽንቱ ንጹሕ ቢሆንም ፕሪኤክላምፕሲያ ተብሎ ይያዛል።

ቁጥሮቹን አብሮ ማንበብ

ከላይ ያሰላናትን ሴት እንውሰድ፦ አልቡሚን 2.5፣ ጠቅላላ 5.5፣ ግሎቡሊን 3.0። 34 ሳምንት ላይ 2.5 ከክልሉ አልወጣም። በ28ኛው ሳምንት 3.4 ከነበረ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ወርዷል፣ ይህን ደግሞ እርግዝና ብቻውን አያደርገውም። ቀደም ሲል ፕሪኤክላምፕሲያ ለነበረባት፣ ከእርግዝና በፊት ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባት፣ መንታ ለያዘችም በመጀመሪያው ክትትል አልቡሚን፣ ክሪያቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ተለክተው ካርዷ ላይ እንዲጻፉ የምንለምነው ለዚህ ነው።

አልቡሚኑ ወርዶ ሽንቱ ሦስት ፕላስ ከሆነ መንገዱ ግልጽ ነው፣ በኩላሊት እየወጣ ነው። አልቡሚኑ ወርዶ ሽንቱ ንጹሕ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠይቁ፦ ከመቀዳቱ በፊት ስንት ከረጢት ፈሳሽ ገብቶላት ነበር? ካልገባላት ወደ ጉበትና ወደ ፕሌትሌት ሂዱ።

ሌላው የሚያሳስት ንባብ «መደበኛ» የሚመስለው ነው። በጤናማ እርግዝና ደሙ ይቀጥናል፤ በፕሪኤክላምፕሲያ ውሃው ወደ ውጭ ስለሚያፈስ ደሙ ይወፍራል፣ ሄማቶክሪቱ (ቀይ ሕዋሳት በደሙ ውስጥ ያላቸው ድርሻ በመቶ) ከፍ ይላል፣ ፕሮቲኑም ከሚገባው በላይ ደህና መስሎ ይታያል። ሄማቶክሪቷ በወር ውስጥ ከ36 ወደ 43 የወጣ ሴት አልቡሚኗ 3.0 ቢሆን አትዝናኑ። የጎንደር ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የእኛ ሴቶች መነሻ ሄማቶክሪት ከቆላው ከፍ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ ይልቅ ከራሷ ቁጥር ጋር አወዳድሩ።

በጎንደር የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ የቁጥሮች መልክ ደግሞ አለ። አልቡሚን 2.3፣ ጠቅላላ ፕሮቲን 8.4፣ ማለትም ግሎቡሊን 6.1 ሆኖ ከመጣ ይህ የፕሪኤክላምፕሲያ መልክ አይደለም። ከመተማ ወይም ከሁመራ የመጣች፣ ለሳምንታት ትኩሳት ያላት፣ የከሳች ሴት ከሆነች ካላአዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ጣፊያን የሚያሳብጥ ሕመም) ይታሰብ። ካላአዛር ፕሌትሌትንም ስለሚያወርድ ግፊት ከተጨመረበት ሄልፕ መስሎ ሊያታልል ይችላል፣ ያደገውን ጣፊያ በትልቅ ማህፀን ላይ በእጅ ማግኘትም ይከብዳል። የሚለየው ግሎቡሊኑ ነው፤ በሄልፕ ግሎቡሊን እንዲህ አይንርም። የቆየ የጉበት ሕመምና ኤችአይቪም ግሎቡሊንን ያንራሉ። በጣና ዳር ያደገች ሴት ላይ ቢልሃርዝያ ያጠቃው ጉበት አልቡሚንን ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል አስቡ። ሁለቱ ሕመሞች አብረው ሊኖሩም ስለሚችሉ ግፊቱ መታከሙ በምንም ምክንያት አይዘገይም።

ካልሲየም ከተሠራላትም ተጠንቀቁ። የደም ካልሲየም ግማሽ ያህሉ በአልቡሚን ላይ ተጭኖ ስለሚሄድ አልቡሚን ሲወርድ ጠቅላላ ካልሲየሙም ዝቅ ብሎ ይነበባል። ማግኒዢየም በምትወስድ ሴት ላይ ግን ካልሲየሙ በእውነትም ሊወርድ ስለሚችል በቀመር አስተካክሎ ማለፍ አያስተማምንም።

ዝቅ ያለ አልቡሚን ምን ያስለውጣል

ፈሳሹን። አልቡሚን ውሃን በደም ሥር ውስጥ የሚይዝ ነው፤ እሱ ሲያንስና የደም ሥሩ ግድግዳ ሲያፈስ በችኮላ የተሰቀለ 1 ሊትር ሳላይን ሳንባ ውስጥ ያርፋል። እግሯ ስላበጠና ሽንቷ ስላነሰ ብቻ «ደርቃለች» ተብሎ ፈሳሽ አይጨመርላት። በአፍ የምትጠጣውና መድኃኒቱ የተበጠበጠበት ሁሉ ተደምሮ በሰዓት 80 ሚሊሊትር ይብቃ። በሚሊሊትር 20 ጠብታ በሚሰጥ የፈሳሽ መስጫ ቱቦ ይህ በደቂቃ 27 ጠብታ ያህል ነው፣ 1 ሊትሩም ከ12 ሰዓት በላይ ይቆያል። ደም እየፈሰሳት ከሆነ ግን ይህ ገደብ አይሠራም፣ የጠፋው ይተካል።

ትንፋሿን፣ የሳንባ ድምፅዋን፣ የሰዓት ሽንቷንና የኦክስጅን መጠኗን በየሰዓቱ መዝግቡ። በእኛ ከፍታ ጤነኛ ሰውም ጥቂት ዝቅ ብሎ ሊያነብ ስለሚችል ስትገባ የነበራትን ቁጥር ያዙና ከዚያ መውረዱን ተከታተሉ። ቁጥሩን ለማሳደግ አልቡሚን በደም ሥር መስጠት ጥቅሙ አልታየም፤ የተሰጠው በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድም ለእግር እብጠት አይሰጥም፣ ሳንባዋ ውኃ ሲይዝ ነው። ለዚህ ሕመም መነሻው የእንግዴ ልጁ በመሆኑ የሚያበቃው መውለድ ነው፤ መቼ ትውለድ የሚለውን የሚወስነው የሳምንቷ ቁጥር፣ ግፊቷና የአካል ክፍሎቿ ሁኔታ እንጂ የአልቡሚኑ ቁጥር ወይም የሽንቱ ፕላስ ብዛት አይደለም።

ለቤተሰቡ ምን ይባል

ፕሮቲን ወርዷል ሲባል ቤተሰብ የሚያስበው ሥጋና እንቁላል ነው። አማቲቱ ወጥ ይዘው ሲመጡ አትቆጧቸው። «እማማ፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ትብላ። የወረደው ግን ስላልበላች አይደለም፣ በሽንቷ እየወጣባት ነው። በምግብ ብቻ አይቆምም፣ እዚህ መቆየት አለባት» ማለት ይበቃል። ለራሷም፣ «እህቴ፣ ራስሽን ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘብሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሽን» በሏት። የምትጾም ከሆነች ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር ንገሯት፣ ምስርና ሽሮ ግን ፕሮቲን አላቸው። ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት የሐኪሙን መድኃኒት አይተኩም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ምን እንደምትወስድ ሳትፈራ እንድትነግራችሁ አድርጓት።

ከወለደች በኋላ

ግፊቱ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን እንደገና ሊወጣ ስለሚችል በማግስቱ ወደ ቤት ለምትሄድ ሴት በዚያ ሳምንት የምትለካበት ቀን ይሰጣት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትወቅ። ከሕፃኑ ክትባት ጋር ማያያዝ ሁለት ጉዞ ያስቀራል፦ በ6ኛው ሳምንት ክትባት ግፊቷና የሽንት ፕሮቲኗ ይታይ፣ አልቡሚኗ ዝቅ ብሎ ከነበረም ይደገም። በ14ኛው ሳምንት ክትባት ሽንቷ አሁንም ፕሮቲን ካለበት ሦስት ወር አልፎታልና የኩላሊት ምርመራ ወደሚሠራበት ሪፈር ትጻፍ። ካርዷ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ሳምንትና ዝቅተኛው አልቡሚን ተጽፎ ለእሷው ይሰጥ። ዳግም ስታረግዝ ያንን ካርድ ይዛ በ12ኛው ሳምንት ገደማ ትምጣ፤ መከላከያው ዝቅተኛ መጠን አስፕሪን ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚጠቅመው።